«ማርያም ዕለት ጀመረኝ፣ ጊዮርጊስ ለቀቀኝ»

«እናቴ፣ ራስዎን ሲያምዎት ይተኛሉ ወይስ ይንቆራጠጣሉ?»

ጤና መኮንኑ ይህን የጠየቃት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ውርጩ በጠናበት ሰሞን። ወጣት ነው፣ ከእኔም በዕድሜ ያንሳል። እማዬ ጋቢዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አደረገችና መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እሱን። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም።

«እተኛለሁ እንጂ ልጄ። በሩን ዘግቼ፣ ባናዬን ተከናንቤ እተኛለሁ። ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል። ዶሮ ሲጮህ ራሴ ውስጥ የሚጮህ ይመስለኛል። ሰው ባያናግረኝ እወዳለሁ።»

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ከረመ። እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ። ያ የተዘጋ በር የልጅነቴ በር ነው። አባቴ «እናታችሁን ራሷን አሟታል፣ ውጡ» ይለናል፣ እኛም በጎቹን ይዘን እንወጣለን። ማታ ስንመለስ ወይ ተነሥታ እሳት ስታቀጣጥል እናገኛታለን፣ ወይ በሩ እንደተዘጋ ነው። የት ጋ እንደሚያማት፣ እንዴት እንደሚያማት፣ ስንት ቀን እንደሚቆይባት ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ራስ ምታት ነዋ! ምኑ ይጠየቃል?

ስሙ የበዛ ሕመም

ስም ግን አላጣም ነበር። ልጅ ሳለሁ ስሙ ምች ነው። ዳማከሴ ይታሽና ይቀባላታል፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ይደረግላታል፣ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ዳማከሴን አልነቅፍም፣ ሽታው ዛሬም ደስ ይለኛል። ሕመሙ ግን ጊዜው ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ከተማ መመላለስ ስትጀምር ስሙ ታይፎይድ ሆነ። ደም ትሰጣለች፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት» ትባላለች፣ አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። ትኩሳት አልነበራትም። ያ የተለመደው የዊዳል ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን ነገር መሆኑን ያወቅኩት በቅርቡ ነው። በሽታው በሚዘወተርበት አገር ደግሞ ድሮ የነካው ሰው ዛሬ ባይታመምም ውጤቱ «አለብህ» ሊል ይችላል።

ቀጥሎ ሳይነስ መጣ። እኛ ሰፈር ራሱን የሚያመው ሰው ሁሉ ሳይነስ አለበት። ብርድ ስለሆነ፣ ነፋስ ስለሆነ፣ ጣርማ በር ላይ ከመኪና ስለወረደ። እውነተኛው ሳይነስ ግን ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ አለው፣ አፍንጫ ይደፍናል፣ ሽታ ያጠፋል፣ አንዳንዴም ትኩሳት ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት፣ «ሳይነስ ነው» ተብለው ወይም ራሳቸው ብለው ከመጡ ወደ 3,000 ከሚጠጉ ሰዎች 88 በመቶዎቹ ሲመረመሩ ምልክታቸው ማይግሬን የሚባለው፣ እየተመላለሰ የሚነሣ ከባድ ራስ ምታት ሆኖ ተገኝቷል። ማይግሬንም አፍንጫን ይደፍናል፣ ዓይንንም ያስለቅሳል። ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

የመጨረሻው ስም ግፊት ነበር። እማዬ በተለካች ቁጥር ደህና ነው። ደግሞ ደም ግፊት ራስ ምታት የሚያመጣው በጣም ሲሻቅብ ነው፣ 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ። ከዚያ በታች ያለው ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። «ራሴን ስላላመመኝ ግፊት የለብኝም» ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው አውቃለሁ፣ አሁን ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው እንኳ አንብቦ እንዲለካ ነው።

ራስ ሳይጠና ጉተና ይባል የለ? የእኛም ነገር ይኸው ነበር። ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ይገዛል።

ወሩን በቅዱሳን

ጤና መኮንኑ ጥያቄውን ቀጠለ። በአንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም? ይመታል ወይስ ይጨምቃል? ሲራመዱ ይብሳል? ያስመልስዎታል? እማዬ ለሁሉም መልስ ነበራት። ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ነው። «ሙቀጫ ይወቅጥብኛል» አለች። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እያንዳንዱ እርምጃ ራሷ ውስጥ ይሰማታል። ያስመልሳታል። እናቷም እንደዚሁ ነበሩ። «እርጉዝ ሆነውስ?» ሲላት ወደ እኔ ዞረችና «ይቺን ሳረግዝማ እፎይ ብዬ ነበር» አለች። ይህንንም አላውቅም ነበር። ለካ ብዙ ሴቶች ላይ ማይግሬን በእርግዝና ወቅት ይቀንሳል።

ከዚያ «ባለፈው ወር ስንት ቀን አመመዎት?» አላት።

እኔ ፈጠን ብዬ «ኧረ ብዙ ቀን ነው» አልኩ። «እሳቸው ይንገሩኝ» አለኝ፣ በትሕትና። በልቤ ከየት አምጥታ ትነግረዋለች ብዬ አሰብኩ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ቀን የምትጽፍበት ደብተር የላትም።

እማዬ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች።

«ኅዳር... ልደታ ደኅና ነበርሁ። በዓታ ማታ ጀመረኝ፣ አቦ ዕለት ለቀቀኝ። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ፣ ደኅና። ሚካኤል ዕለት ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ቀሰቀሰብኝ፣ እስከ አቡነ አረጋዊ አልተነሣሁም። ጾሙ ገባ። ኪዳነ ምሕረት አመመኝ፣ በማግሥቱም። ደሞ ገብርኤል፣ በማግሥቱም። ማርያም ዕለት፣ በጽዮን፣ ጀመረኝ፣ ጊዮርጊስ ለቀቀኝ። ከመርቆሬዎስ እስከ መድኃኔ ዓለም። በዓለ ወልድ ትንሽ ነካ አደረገኝ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጤና መኮንኑ ወረቀት ገልብጦ 30 ትንንሽ ሳጥን ሠራና ከአፏ እየተቀበለ ሞላ። 3፣ 4፣ 5። 12፣ 13፣ 14። 16፣ 17። 19፣ 20። 21፣ 22፣ 23። 25፣ 26፣ 27። 29። ቆጠረው። 17 ቀን።

ሐኪሞች ራሱን ለሚያመው ሰው «የቀን መዝገብ ያዝ» ይላሉ። ስልክ ላይ የሚጫን ነገር ሁሉ አለ። እናቴ ግን መዝገቡን ሁልጊዜም ይዛው ነበር። ወሩ ለእሷ 30 ቁጥር አይደለም፣ 30 ሰው ነው፤ የትኛው ቅዱስ በምን ሁኔታ እንዳገኛት ታስታውሳለች። ያጣችው ጠያቂ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁልጊዜ በታማሚው ላይ ነበር የምተርተው። እሷ ምን ደበቀች?

ጥያቄው ግን አላለቀም። «ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ቀን መድኃኒት ወሰዱ?» አላት።

«ሁሉንም። ቁስቋም ዕለትና የበዓለ ወልድ ዋዜማም ወስጃለሁ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንዳይጀምረኝ ብዬ። ሁለት ሁለት ፍሬ።»

«ከየት ያገኙታል?»

«ልጄ ትልክልኛለች» አለችው። በኩራት ነው ያለችው። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ።

ጤና መኮንኑ ወደ እኔ ዞሮ ስንት እንደምልክ ጠየቀኝ። በወር አራት ስትሪፕ ፓራሲታሞል። ከስኳሩና ከቡናው ጋር በፌስታል አድርጌ፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው መኪና። አንዱ ስትሪፕ 10 ፍሬ። 40 ፍሬ። በ19 ቀን ሁለት ሁለት ሲወሰድ 38። ሁለት ፍሬ ተረፈች እንጂ ገጠመ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሒሳብ ሲገጥም ደስ ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን ወንበሩ ላይ አንገቴን ደፋሁ።

መድኃኒቱ ሕመም ሲሆን

ጤና መኮንኑ አልወቀሰኝም። ቀስ ብሎ አስረዳን። የእማዬ ሥሩ ማይግሬን ነው። አንዴ ሲነሣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። የእሷ «ከማርያም እስከ ጊዮርጊስ» ቁጭ ብሎ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ግን ማይግሬን ላይ ሌላ ራስ ምታት ተደርቦበታል፣ እሱም ከማስታገሻው ብዛት የሚመጣው ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፍናክ፣ አስፕሪን የመሳሰሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለ3 ወር ያለፈ የወሰደ ሰው ራሱ ይለምደዋል፤ መድኃኒቱ ከደም ሲወጣ ሕመሙ ይነሣል፣ ሕመሙ ሲነሣ መድኃኒቱ ይዋጣል። እንደ ካፈርጎት ያሉት የማይግሬን ክኒኖች፣ እንደ ትራማዶል ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎችና ቅልቅሎቹ ደግሞ በወር 10 ቀን ይበቃቸዋል።

ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ፍሬው ብቻ አይደለም፣ ቀኑ ነው። ፓራሲታሞል በአንድ ቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። እማዬ በቀን ሁለት ነበር የምትወስደው። ማንም ቢያያት «ምን አላት፣ ሁለት ፍሬ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ያ ፌስታል የፍቅሬ መግለጫ ነበር፤ ከደሞዜ ቀንሼ ነው የምገዛው። ዕዳው ያለው እዚያው ውስጥ መሆኑን ለመቀበል ቀናት ፈጀብኝ። አሁንም ሙሉ በሙሉ ራሴን ይቅር አላልኩም።

መፍትሔው ማቆም ነው። እንደ ፓራሲታሞል ያለውን በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል፤ ትራማዶልና መሰሎቹን የለመደ ሰው ግን በሐኪም እጅ ነው ቀስ እያለ የሚቀንሰው። «ሳይሻላቸው በፊት ይብስባቸዋል» አለኝ ጤና መኮንኑ። «ከ2 እስከ 10 ቀን። አብረዋቸው ይሁኑ።» ለማቅለሽለሽ የሚሆን መድኃኒት ሰጣት፣ ሆስፒታል ላካት፣ እዚያ ያየቻት ሐኪም ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊ ግራም ጀመረችላት። ይህ ማስታገሻ አይደለም። ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ የሚከላከል ነው፣ ውጤቱ የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ፕሮፕራኖሎል ይሰጣል፤ አስም ላለበት ግን አይሆንም። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ማይግሬን የሚጥለው ሰው ስለ መከላከያ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

በአራተኛው ቀን ማታ እማዬ የእኔ ቤት መኝታ ላይ ሆና አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት አባቴ ሲሞት ነው። «አንድ ፍሬ ብቻ ስጪኝ፣ አንድ ብቻ» አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ተነሥቼ ቦርሳው ጋ ደረስኩ። ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ አጠገቧ ተኛሁ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ። ያን ያህል ረጅም ሌሊት አላስታውስም። በስምንተኛው ቀን ቀና ብላ «ዛሬስ ሽሮ ልሥራ» አለች።

የእኔ፣ የዘበኛው፣ የአክስቴ ልጅ

እኔም ራሴን ያመኛል። ወር መጨረሻ ላይ፣ ሒሳብ ሲዘጋ። የእኔ በሁለቱም በኩል ነው፣ እንደ ጠበቀ መቀነት ግንባሬን ይዞ ወደ ማጅራቴ ይሄዳል። ይጨምቃል እንጂ አይወቅጥም። አያስመልሰኝም። ሥራዬን አያስተወኝም፣ ያማርረኛል እንጂ። ይህ የውጥረት ራስ ምታት ነው፣ ከሁሉም የበዛው። ከ30 ደቂቃ እስከ ሳምንት ይቆያል። እኔን የረዳኝ በየሰዓቱ ከወንበር መነሣት፣ አንገትን ማፍታታት፣ የኮምፒውተሩን ከፍታ ማስተካከልና ከስድስት ሰዓት ሌሊት በፊት መተኛት ነው። አልፎ አልፎ አንድ አይቡፕሮፌን። ጨጓራ ያለበት ሰው ግን አይቡፕሮፌንና ዲክሎፍናክን ሳይጠይቅ አይዋጥ፣ በተለይ በባዶ ሆድ። እማዬና እኔ ለሁለት የተለያየ ሕመም ከአንድ ስትሪፕ እየቆረስን ስንውጥ ነው የኖርነው።

ያ «ይተኛሉ ወይስ ይንቆራጠጣሉ» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ የገባኝ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ ሳስብ ነው። ጠንካራ ሰው ነው። በዓመት አንድ ሰሞን፣ ለሳምንታት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ አንድ ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ በዚያው በኩል አፍንጫው ይፈሳል፣ ከዓይኑ ጀርባ የሚነድ ሕመም ይይዘዋል። አይተኛም። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይተወዋል። ሰው «ሰይጣን ነው» ይለው ነበር። ይህ ክላስተር የሚባለው ነው፣ አንዴ ሲነሣ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት የሚቆይ፣ ወንዶች ላይ የሚበዛ። የማይግሬን ሰው ጨለማ ፈልጎ ይተኛል፣ የክላስተር ሰው መቀመጥ አይችልም። ሕክምናውም ለየቅል ነው። ክላስተር ሲነሣ ንጹሕ ኦክስጅን በማስክ ለ15 ደቂቃ መሳብ ብዙዎችን ያስታግሳል፣ ለመከላከያ ቬራፓሚል ይሰጣል፤ ፓራሲታሞል አይደርስለትም። በዚያ ሰሞን መጠጥ ይቀሰቅሰዋል፣ አረቄም ጭምር። እሱ ብርዱን ለመቋቋም ማታ ማታ አንድ ሁለት መለኪያ ይል ነበር። ጸበልም ሄዷል፣ አሁንም ይሄዳል፣ ሆስፒታልም ሄዷል። ሁለቱን ማጣላት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ራሷን ከማመሙ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭ የሚል የተጠማዘዘ መስመር ይታያታል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። እሱም ማይግሬን ነው፣ ምልክት የሚቀድመው ዓይነት። ለነርሷ ይህን ስትነግራት ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ወሊድ መከላከያ ነው። በየቀኑ የሚዋጠው፣ ኤስትሮጅን ያለበት ፒልስ እንዲህ ዓይነት ማይግሬን ላለባት ሴት አይመከርም፣ ስትሮክ የመምጣት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። በክንድ ወደሚቀበረው ቀየረችላት። ይቺ ልጅ ስለ ብልጭታው ለማንም ሳትናገር ሦስት ዓመት ፒልስ ስትወስድ ነበር። ማንም አልጠየቃትማ።

ቀጠሮ የማይጠብቁት

እዚህ ላይ ቀልቤን ሰብስቤ ልጻፍ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ራስ ምታት ነገ ይደረስበታል የሚባል አይደለም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ፣ «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» የሚያሰኝ ሕመም አንጎል አካባቢ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ያለውና አንገት አላጎነብስ የሚለው ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ከራስ ምታቱ ጋር አፍ መጣመም፣ ምላስ መተሳሰር፣ እጅ መዛል ወይም ማንቀጥቀጥ ካለ፣ ከመውደቅ ወይም ከግጭት በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ኤች.አይ.ቪ ወይም ካንሰር ባለበት ሰው ላይ አዲስ የጀመረ ከሆነ፣ መኪና ይፈለጋል እንጂ ፓራሲታሞል አይፈለግም። ነፍሰ ጡር ከአምስት ወር በኋላ ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ከተጭበረበረ፣ ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ። ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው፣ በተለይ ሲያኝክ መንጋጋው የሚደክም፣ ፀጉሩን ሲያበጥር ራስ ቅሉ የሚያመው ሰው ቶሎ ካልታከመ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። እማዬ ወደ 60 እየተጠጋች ነው፤ ጤና መኮንኑ «መቼ ጀመረዎት?» ብሎ አጥብቆ የጠየቃትም ለዚህ ነው። «ገና ልጃገረድ ሳለሁ» ስትለው ትንሽ ቀለል አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ አገር ስለሆነ። ደብረ ብርሃን መጀመሪያ ቤት የተከራየሁ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ነበርን። ጥር ውስጥ በምድጃ ከሰል አያይዘን፣ በሩን ዘግተን ተኛን። ሌሊት ሁለታችንም ራሳችንን እያመመን ነቃን። እሷ በሩን ከፍታ ስትወጣ ጉልበቷ ከዳት። ውጭ ቁጭ ብለን ነፋሱ ሲያገኘን ለቀቀን። ያኔ ብርድ መቶን ነው ብለን አለፍነው። የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ምድጃው ይውጣ፣ በሩ ይከፈት። ከሰል ቤት ውስጥ አድርጎ መተኛት በፍጹም።

ጾሙና ቡናው

ወደ እማዬ ልመለስ። ያ 30 ሳጥን ያለበት ወረቀት ሌላም ነገር አሳይቶ ነበር። ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ ሕመሙ ተደጋገመ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። ረጅም ሰዓት አለመብላት ራሱን የቻለ የራስ ምታት ምክንያት ነው፣ ማይግሬን ላለበት ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ቡናው አለ። በፍስክ ቀን ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትጠጣለች፤ በጾም ቀን ደግሞ ምንም። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። «ቡና ሱሴ ተነሣ» የምንለው ቀልድ አይደለም።

ጤና መኮንኑ ስለ ጾሙ አንድም ቃል አላዘዛትም። «የንስሐ አባትዎን ያማክሯቸው» ብቻ አላት። ደስ አለኝ። አባ ሰሟት፤ «የታመመ ሰው ጠዋት ጥቂት ቀምሶ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ከጥሉላት ከራቅሽ ይበቃል» አሏት። መጀመሪያ እሺ አላለችም። ለሁለት ሳምንት ተሟገተች። ከዚያ ጠዋት ትንሽ ቆሎና ውኃ ጀመረች፣ ቡናውንም በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ አቦል ብቻ። የመጀመሪያው ሰሞን በማታው መድኃኒት «አፌ ኩበት ሆነ» ትል ነበር፣ ጠዋት ላይም ይከብዳት ነበር። እየቆየ ተዋት።

አሁን ማይግሬኑ ሲነሣ ገና ሲጀምር አይቡፕሮፌን 400 ከምግብ ጋር ትወስዳለች፣ በሳምንት ከሁለት ቀን ላታልፍ። ድሮ «ትንሽ ልቻለው» ብላ ካየለባት በኋላ ነበር የምትውጠው፣ ያኔ ደግሞ ሆዷ ይታወክና መድኃኒቱ አይረጋም። አልዳነችም። ማይግሬን እንዲህ በቀላሉ ጥሎ የሚሄድ አይደለም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እማዬ ራሷን ሳያማት የሚያልፍ ወር ምን እንደሚመስል አታውቀውም ነበርና ናፍቃው አታውቅም።

ወር በገባ ቁጥር እደውልላታለሁ፣ ደብተሬን ይዤ። ያለፈውን ወር ትቆጥርልኛለች፣ እኔ ሳጥኑን እሞላለሁ። የግንቦትን ስትነግረኝ ከኋላዋ በጎች ሲጮሁ ይሰማኛል።

«ልደታ ደኅና። ውጭ ንፍሮ ቀቅለን በላን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነበር። ሥላሴ ዕለት ጀመረኝ፣ አንድ ፍሬ ዋጥሁ፣ ማታውን ለቀቀኝ። ሚካኤል ደኅና። ገብርኤል ነካ አደረገኝ፣ ሳልውጥ ተኛሁበት። ማርያም ዕለት ያቺ ነጭ በግ ሁለት ወለደች፣ መንታ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ጊዮርጊስ ዕለት ሱፍ ስፈትል ዋልሁ፣ ለአንቺ ባና ይሆናል...»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ዝም ብዬ ሰማኋት።